ታንጉት ያልተቀበለችው መርዶ

«ሞቷል! ሞቷል በቃ! ሃምሳ አምስት ዓመት ያልመጣ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ዘግይቷል ይባላል? ዘጠና ሊሞላው ነው እኮ እማዬ! ዛሬ በሩን ቢያንኳኳ እንኳ ማን ደግፎት ነው የሚያንኳኳው?»

ይቺ የእማማ ታንጉት ልጅ የዓለምወርቅ ናት። ወረቀት ድምጽ የለውም እንጂ እኔ እሷን መኮረጅ አሳምሬ እችልበታለሁ፤ ከታች እንደ ጀነሬተር ትነሳለች፣ እየጋለች ትወጣና ጫፍ ላይ ስትደርስ ድርግም ትላለች። ሰመራ ያለው መስሪያ ቤቷ ከዘበኛው እስከ ኃላፊው ይህን ድምጽ ያውቀዋል።

እናትየው ግን አይጮሁም። እማማ ታንጉት ሲጣሉ ድምጻቸው ይቀንሳል፤ ሰው ጠጋ ብሎ ነው የሚሰደበው።

«አየሽው?» አሉ።

«ምኑን?»

«ሲሞት። አየሽው?»

«በሁለት ዓመቴ ምን አያለሁ!»

«እንግዲያው አፍሽን ሰብስቢ።»

ጠቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የቤተክርስቲያናችን የእናቶች ማህበር የአዛውንት እናቶችን ታሪክ አስጽፎ በዓመት በዓሉ ሊያስነብብ አሰበና ለእማማ ታንጉት እኔን ጎረቤታቸውን መረጠ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ «ግን አለሚቱ ያልሰማችው ወሬ የለም» አሉ። ምርቃት ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እና ደብተሬን ይዤ መጣሁ፤ ስም ጻፍኩ፣ የትውልድ አገር ጻፍኩ፣ «ባለቤታቸው አቶ ጣሰው» ብዬ ቆምኩ። ቀጥሎ ምን ልበል? የዓለምወርቅ ከእጄ እስክሪብቶውን ነጥቃ «ሟች በይ» አለች። እናትየው «አትጽፊም» አሉ። አንዲት ቃል ናት። በሷ ነው ቤቱ የታመሰው።

«ስሙ በሙታን ተርታ ገብቶ ቄስ ይጸልይለት፣ ተዝካሩን ላውጣለት፣ ሌላ ምን አልኩ?» አለች የዓለምወርቅ፤ አሁን ጀነሬተሩ ሊጠፋ ነው፣ ድምጿ ይቆራረጣል። «አባት እንዳለው ሰው አልኖርኩ። አባቱ እንደሞተበት ሰው አላለቀስኩ። እኔ ምንድን ነኝ?»

ቦርሳዋን አንስታ ወደ ቢሮዋ ሄደች። በሩ ግው ሲል ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ወደቀ።

እኔና እማማ ቀረን። ቬንትሌተሩ ይዞራል። እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጠጉራቸውን ይነካካሉ። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ነው የቀራቸው፤ ጠጉራቸው ጥጥ መስሏል፣ ግን እንደ ሙሽራ ተሰርቷል፣ ሹሩባ። ባል የሞተባት ሴት ጠጉሯን ትላጫለች፤ እሳቸው አንድ ቀን ተላጭተው አያውቁም። «ለማን ነው የምትሰራው?» እያልን ስናማቸው ኖረናል። ከሐሜተኞቹ ማን ትበልጣለች ብትሉኝ አልናገርም።

ወደ ታሪኩ ልግባ። ወጣትነታቸውን ሳወራ «እሷ» እላለሁ፤ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ አንቱ ማለት አይሆንልኝም።

ታንጉት ከቡልጋ አዋሽ የመጣችው በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምህረት ነው፣ ለጣሰው ተድራ። ጣሰው ሀዲድ ጠጋኝ ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ጋሪዋን ሀዲድ ላይ እየገፋ የላላውን ያጠብቃል፣ የተጣመመውን ያቀናል። የመጀመሪያ ቀን ሙሽራይቱ በሯን ዘግታ ተቀመጠች። ማታ ጣሰው ሲገባ ቤቱ እንደ ምድጃ ግሏል፣ እሷ በላብ ርሳለች።

«ምን ሆነሻል?»

«ሙቀቱ እስኪያልፍ እየጠበቅሁ ነው።»

«የቱ ሙቀት?» አለ ጣሰው፤ «ይሄ እኮ አገሩ ነው!» ብሎ በሳቅ ሞተ። በነጋታው ለጣቢያው ሁሉ አወራባት። ከዚያ በኋላ ባየቻት ቁጥር ጎረቤቷ ሀምዳ «ታንጉት፣ አለፈልሽ ወይ?» ትላታለች። ሀምዳ የቃሲም ሚስት ናት፣ ቃሲም ደግሞ የጣሰው የስራ ጓደኛ። አንሶላ አርጥቦ መስኮት ላይ መስቀልን፣ ቀን ተኝቶ ማለዳ መስራትን ያስተማረቻት እሷ ናት።

ባልና ሚስቱ ተዋደዱ። ይሄን ከራሳቸው አልሰማሁም፣ ስለ ፍቅር አያወሩም፤ ግን ምሳውን አገልግል ውስጥ አድርጋ በሀዲዱ ዳር አንድ ሰዓት በእግሯ ትሄድ እንደነበር ሁሉም ይናገራል። ከአምስት ጋሪ ድምጽ የሱን ትለይ ነበር። «የጋሪው አንዱ እግር ትንሽ ያነክሳል፤ እንደ ዶሮ ቋ፣ ቋቋ፣ ቋ ይላል» ይላሉ አሁንም፤ በጣታቸው አልጋውን እየመቱ ያሰሙኛል።

ከዚያ የጥጡ ዘመን መጣ። ከአዋሽ ወዲህ፣ ወንዙን ተከትሎ፣ በመልካ ወረር በኩል በረሃው ታርሶ ጥጥ ሆነ። ባቡሩ ከላይ አገር ሰው ያራግፋል፤ ከምባታው፣ ወላይታው፣ ምንጃሩ፣ ጎጃሜው። ባዶ ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው እየተሳሳቁ ካሚዮን ላይ ይወጣሉ። በወር በሁለት ወር ያው ካሚዮን መልሶ ያመጣቸዋል፤ ግማሹ አሁንም ይስቃል፣ ግማሹ ወባ ይዞት ተሸክመውት ነው። ባቡር እስኪመጣ ከጣቢያው አጠገብ ከግራሩ ስር ይጋደማሉ። ባቡሩ አንዳንዱን ያደርሰዋል፤ አንዳንዱ ባቡሩን አይጠብቅም።

የመጀመሪያው ሰው ሲሞት ታንጉት እዚያው ነበረች። አራት የባቡር ሰራተኛ ተሸክሞ ቀበረው። የጣቢያው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ዙሪያውን ቆሙ። አልቃሽዋ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ ከፈተች። ምን ብላ ትጀምር? ማን ብላ ትጥራው? ስሙን የሚያውቅ የለም፣ አገሩን የሚያውቅ የለም፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እንደ ውሻ ሳይለቀስለት አፈር ለበሰ። ሴቶቹ ዝም ብለው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ታንጉት ግራሩ ስር በርሜል ውሃ አኖረች፤ በጆንያ ዳስ ጣለች። ለታመመው ሁሉ ውሃ በጣሳ ትሰጣለች፣ የገብስ ሙቅ ትሰጣለች፣ የጤና ረዳቱን ድሬሰር ለምና ኪኒን ታመጣለች። ውሃውን ከመስጠቷ በፊት ግን፦

«ስምህ ማነው?»

«አገርህ?»

«እናትህ ማን ይባላሉ?»

ሰዎቹ ይደነግጣሉ። «እህት ዓለም፣ ግብር ልታስከፍይኝ ነው እንዴ?» ይላል አንዱ። «ፖሊስ ናት» ይላል ሌላው፣ የሌላ ሰው ስም ይነግራታል። «ለምን ፈለግሽው?» ሲሏት «እንዲያው» ትላለች። ምን ትበል? ስትሞት ላለቅስልህ ትበል?

ሲሞቱ ታለቅስላቸው ነበር። አልቃሽ አይደለችም፣ ድምጿም አያምርም፤ ግን ስሙን፣ አገሩን፣ እናቱን ትጠራለች፣ በምን ምክንያት ወጥቶ በምን ምክንያት እንደሞተ ትናገራለች። ከዚያ ሴቶቹ ይቀበሏታል። ቀጥሎ መርዶውን ትልካለች፤ ባቡር ላይ ለሚሰራ ሰው ትነግራለች፣ እሱ ለጣቢያው ነጋዴ፣ ነጋዴው ለገበያተኛው፣ እንዲህ እያለ ማልዶ ከእናቲቱ ደጅ ይደርሳል። ማንም ደሞዝ አልከፈላትም፣ ማንም አልሾማትም። ጣሰው ብቻ «የሙታን ጸሐፊ» ብሎ ሾማት። «ጸሐፊዬ፣ ዛሬ ማን ገባ? ማን ወጣ?» እያለ ጫማውን ያወልቃል።

መጻፍ ግን አትችልም። ሁሉንም በልቧ ነው የያዘችው። ስህተቱም የመጣው ከዚህ ነው።

በሃምሳ ዘጠኝ አንድ ወጣት ራሱን ስቶ መጣ። ጠየቀችው፣ አልመለሰም። አልነቃም፤ ማታውኑ ሞተ። ኪሱ ውስጥ የስራ ካርድ ተገኘ፤ እርሻው ላይ ካቦው ጠዋት ጠዋት ስም የሚጠራበት ካርድ። ይገዙ የሚባለው ቲኬት ሻጭ አነበበላት፤ እሸቴ፣ አገር ምንጃር። ታንጉት «እሸቴ» ብላ አለቀሰች፤ ምንጃር መርዶ ላከች።

በሶስተኛው ወር አንድ ሰው ከባቡር ወረደ።

«ታንጉት የምትባል ሴት የታለች?»

«እኔ ነኝ። ማን ልበል?»

«እሸቴ ነኝ። የገደልሽኝ።»

ጣቢያው ተሰበሰበ። ሰውየው ወገቡን ይዞ ያወራል፣ ሰው ይስቃል። «አገሬ ብገባ የተቀበለኝ ውሻዬ ብቻ ነው! ሰው ሁሉ አማተበብኝ። ሚስቴ ተላጭታ ነበር፣ በአጥር ሾለከች። ቄሱ ዳዊት ይዞ መጣብኝ፣ እኔን ከእኔ ሊያስወጣኝ! ተዝካሬን በልተውታል፤ ያውም በገዛ በሬዬ! አንዱ ጎረቤቴ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ጠላው ቀጥኖ ነበር› አለኝ። ለእኔ! ለሟቹ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እሸቴ ታሞ ሌላ እርሻ ያለ ዘመዱ ጋ ሊያገግም ሲሄድ፣ ቦታው እንዳይነጠቅ ካርዱን አትክልት ለሚባል ጓደኛው ሰጠው። አትክልት ጠዋት ጠዋት «እሸቴ» ሲባል «አቤት» እያለ ሰራ፣ «እሸቴ» ተብሎ ተቀበረ። ይሄን የሚያደርጉት ብዙ ነበሩ፤ እርሻው ላይ ስም ማለት ካርድ ነው።

ታንጉትም አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ጣሰውማ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሰውየው ግን ሳቁ ሲበርድ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ መርዶውን በሰማች በሃያ ቀኗ ሞተች» አለ። «አንድ ልጇ ነበርኩ።»

እሸቴ ከበርሜሉ ውሃ ጠጣ፣ ጣሳውን በአፉ ድፍት አድርጎ አስቀመጠ፣ በመጣበት ባቡር ተመለሰ። አልሰደባትም። እማማ ታንጉት እስከ ዛሬ «በሰደበኝ!» ይላሉ።

አትክልትስ? እሸቴ የሚያውቀው ስሙን ብቻ ነበር። «ጎጃም ያለኝ መሰለኝ» አለ፤ ጎጃም ሰፊ ነው። ታንጉት ማለዳ ብቻዋን መቃብሩ ጋ ሄደች። የተለቀሰበትን ስም ሽራ «አትክልት» ብላ እንደገና አለቀሰች። የእናቱን ስም ስትደርስ ዘለለችው፤ አታውቀውም። የተቀበላት ሴት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ህግ አወጣች፦ ሟቹን የሚያውቅ ሰው ሬሳውን በዓይኑ ካላየ መርዶ ከአፏ አይወጣም። ካርድ አላምንም አለች። ራሱን ስቶ የመጣ፣ የሚያውቀው የሌለ ሰው ከሞተ አንድ ሰው እርሻው ድረስ ሄዶ አብረውት የሚያድሩትን ይጠይቃል፦ ምን መልክ ነበረው? ጠባሳ ነበረው? ያ ሰው የሚመለስበትን ካሚዮን ቆማ ትጠብቃለች።

በስልሳ ዓመተ ምህረት ነሐሴ ላይ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ጣሰው የስራ ቆቡን አድርጎ በጥጥ ካሚዮን መልካ ወረር ሄደ። እሁድ አልተመለሰም። ሰኞ ስራ አልገባም። ሰው ማውራት ጀመረ። ጣሰው እዚያ ምን አለው? ዘመድ የለው፣ ንግድ የለው። «ሴት ናታ!» አለ ጣቢያው። አንዷ «ሁለት ልጅ ወልዳለታለች» አለች፤ ሌላዋ «አንዱ ቁርጥ እሱን ነው» አለች፣ እንዳየ ሰው። ታንጉት ይሄን ሁሉ ሰማች። አንድ ቃል አልመለሰችም።

ቃሲም ሊፈልገው ወረደ። ማክሰኞ ማታ ተመለሰ። ለሚስቱ ብቻ ነገራት፤ ሀምዳ ስታለቅስ ሰማይ እንዲሰማት እንጂ ጎረቤት እንዳይሰማት ትራስ ነክሳ አደረች።

ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ የታንጉት በር ተንኳኳ። ከፈተች። ይገዙ ቆሟል፣ የዕድሩ ዳኛ ወልደ ኢየሱስ ቆሟል፣ ቃሲም ከኋላ አንገቱን ደፍቷል። ከግድግዳው ጥግ ደግሞ ሴቶች አሉ፣ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል።

ይሄን አመጣጥ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። እህል ሳትቀምስ ድረሱ። አንድ ሰው በር ላይ ይቁም። ሴቶቹ ጥግ ይጠብቁ፣ ስትወድቅ ይያዟት። ነገሩን ከሩቅ አምጡት።

ወልደ ኢየሱስ ከሩቅ አመጣው። እሱን ስኮርጅ ጉሮሮዬን መጥረግ አለብኝ፤ «እህህ፣ እንግዲህ ልጄ ታንጉት፣ የሰው ልጅ እንደ ጠዋት ጤዛ ነው፣ አዳምም ሞተ፣ አብርሃምም ሞተ...»

«ሬሳውን አያችሁ?» አለች ታንጉት።

ወልደ ኢየሱስ ገና አብርሃም ላይ ነበር። ደነገጠ።

«ታንጉት እህቴ» አለ ቃሲም፣ «ወላሂ ነው የምልሽ፤ ወንዙ ሞልቷል። የመሻገሪያው ጀልባ ታስሮ ነበር። ነገ ሲጎድል ተሻገር ቢሉት ሰኞ ስራ አለብኝ ብሎ በእግሩ ገባ። ማዶ ግመል የሚያጠጣ አፋር አይቶታል። አነጋግሬዋለሁ፣ በቋንቋው። አንድ ሰው ገባ፣ ውሃው ወሰደው፣ አልወጣም ነው ያለኝ።»

«ጣሰውን ያውቀዋል?»

«ከየት ያውቀዋል?»

«አንድ ሰው ነው ያለህ።»

ቃሲም ብብቱ ስር ያለውን አወጣ። የባቡር ሰራተኛ ቆብ። ጭቃው ደርቆበታል። «ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና አለቀሰ፤ በመርዶ ህግ ነጋሪው መቅደም አልነበረበትም።

ታንጉት ቆቡን ተቀበለችው። አገላብጣ አየችው።

«ካርድ አይቼ የሰው እናት ገድያለሁ» አለች። «አሁን ደግሞ ቆብ አይቼ ባሌን እቅበር? አልቀበልም። ሂዱ።»

ሴቶቹ ግራ ገባቸው። ሊወድቁላት የመጡ፣ ሊይዟት የመጡ፣ ደረት ሊመቱ የመጡ ናቸው። እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን አቃናች፤ ሌሎቹም አቃኑ። ጸሐይዋ ሳትወጣ ሁሉም ቤቱ ገባ።

ከዚህ በኋላ ያለው ብዙ ዓመት ነው፣ ወሬው ግን ትንሽ ነው። የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ሰው ይገባል፤ ሶስት ቀን፣ ሰባት ቀን፣ አርባ ቀን፣ ንፍሮ ይዞ ይገባል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ታንጉት ቤት ምን ተብሎ ይገባል? «እግዜር ያጥናሽ» ብትላት «ለምኑ?» ትልሃለች። «እንደምን ነሽ፣ ጣሰው ደህና ነው?» አይባል። ሰው የሚያደርገውን ፊት አጣ፤ ሲያጣ ጊዜ መንገድ ቀየረ። ሀምዳ ብቻ ትገባ ነበር፤ ምንም አትልም፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች። እሷም በዓመቱ ቃሲም ድሬዳዋ ሲዛወር ሄደች።

ታንጉት ለባቡር ሰራተኛ ልብስ እያጠበች ልጇን አሳደገች። ጠጉሯን ተሰራች። ሊያገቧት የመጡ ነበሩ፣ አንዱ ያው ይገዙ ነው፤ «ባለ ባል ነኝ» ብላ መለሰችው። ግራሩ ስር ግን አልቀረችም። ውሃው አልቀረ፣ «ስምህ፣ አገርህ» አልቀረ። በስልሳ ስድስት ረሀብ ወሎዬዎች እየወደቁ ሲመጡ ለሰባት ሰው በአንድ ቀን ያለቀሰችበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ያየች አንዲት ሴት ነግራኛለች፤ «እንዴት አድርጋ ታለቅስ መሰለሽ! እሱኮ ሙሾ አልነበረም፤ ሰውነቷ እንዳለ ይወጣ ነበር። ማታ ደግሞ ቤቷ ስትገባ አይቻታለሁ፣ ዓይኗን አጥባ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።»

በስልሳ አራት ደግሞ አንድ ሾፌር «ጣሰውን የመሰለ ሰው አዳይቱ ላይ አየሁ» አላት። የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ በካሚዮን ወረደች። አዳይቱ ያን ጊዜ ጥቂት ቤት ናት። ሰውየው ፍየል ይነግዳል፣ ረጅም ነው፣ ስዩም ይባላል። ውሃ ሰጣቸው፣ ለልጅቷ ወተት አስመጣላት። የዓለምወርቅ «አባቴ ይሄ ነው?» ብላ ጠየቀች። ስዩም መሬት መሬት አየ። ታንጉት «አይደለም፣ ጠጪ» አለቻት። ወተቱን ጨርሳ ተመለሱ። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ልጃቸው ሰመራ ተቀጥራ እሳቸውን ስታመጣቸው፣ አውቶቡሱ አዳይቱ ሲቆም እማማ ታንጉት ወርደው ዞር ዞር አሉ። የዓለምወርቅ አይታ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች።

አዋሽ ላይ ባቡሩም ቀረ። አንድ ቀን መጣ፣ ሳምንት ዘለለ፣ ወር ዘለለ፤ ቆመ ብሎ የነገራቸው የለም። ግራሩ ስር የሚጋደም ሰው ሲጠፋ ነው ወደ ልጃቸው የመጡት። እዚህ ደግሞ ማንን ያውቃሉ? ለቅሶ ሲኖር ይሄዳሉ፣ ዳር ላይ ይቀመጣሉ። ሟቹን ስለማያውቁት አያለቅሱም። አንዳንዴ አጠገባቸው ያለችውን «ስሙ ማነው? አገሩስ?» ሲሉ ሰዎች ይስቃሉ፤ «አሮጊቷ ወሬ ይወዳሉ» ይላሉ። እኔም ብያለሁ።

ይኸው ነው እዚህ ድረስ የጻፍኩት። ያቺ አንዲት ቃል ግን አሁንም ክፍት ናት። መብራት ጠፋ፤ ቬንትሌተሩ እያዘገመ ቆመ።

«እማማ» አልኩ፣ «ማህበሩ ቅዳሜ ይፈልገዋል። ምን ብዬ ልጻፍ?»

ዝቅ ባለችው ድምጻቸው፣ በምትሳደበዋ፦

«እኔ ነኝ የላክሁት» አሉ።

«ማንን?»

«ጣሰውን። ሴት ሊያይ ሄደ አሉ። ሴት ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። አንድ ልጅ ራሱን ስቶ መጣ፣ ሞተ። ካርዱ ዓለምሸት ይላል። ሂድና ጓደኞቹን ጠይቅልኝ አልኩት። ‹ዝናብ ነው፣ የሚመጣው ሳምንት ልሂድ› አለ። ‹የሰው እናት በከንቱ ትሙት ወይ?› አልኩት። ቆቡን አድርጎ ወጣ።»

እስክሪብቶዬን ደብተሩ ላይ አስቀመጥኩ።

«አንቺ ብዙ ታወሪያለሽ፤ እስቲ ንገሪኝ» አሉ። «ለቅሶ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ምን ትጠይቂያለሽ?»

«በምን ሞተ?»

«እ። በምን ሞተ። ለምን ሄደ። ለስንቱ ሰው ደጅ እውነቱን እየተናገርኩ አልቅሼ፣ ለባሌ ሲሆን ልዋሽ? እውነቱን ባወጣውስ? ይቺን ልጅ በምን ፊቴ ላሳድጋት? ‹አባቴን የላክሽው አንቺ ነሽ› ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? አልሞተም ካልኩ ማንም አይጠይቀኝም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ማንም አልጠየቀኝም። ሃምሳ አምስት ዓመት አንድ ሰው አልጠየቀኝም።»

«ግን እማማ፣ እርስዎ... ያምኑ ነበር? ይመጣል ብለው?»

«ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሳያቸው ነው ያወቅሁት። በሩን እንደከፈትኩ። ወልደ ኢየሱስ አዳምን ሳይጀምር።» ጣታቸውን በጣታቸው አሹ። «ሞቷል። ሞቷል እንጂ። ለየዓለምወርቅ ዛሬ ስትመጣ እነግራታለሁ። የምትለኝን ትበለኝ።»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። «ባለቤታቸው አቶ ጣሰው» ከሚለው ቀጥዬ የመጀመሪያውን ፊደል አደረግሁ። ሁለተኛውን ልጨምር ስል ከአልጋው አንድ ድምጽ ሰማሁ፤ ቀና አልኩ። እማማ ታንጉት ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደዋል። ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገታቸው ሊያዞሩት ይሞክራሉ፣ ያመልጣቸዋል። እንደገና ያነሳሉ።

«ልርዳዎት?» አልኩና፣ እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ግማሽ ተነሳሁ።

«ተይው» አሉ። «መጻፉን ተይና ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ።»